የአይቮሪ ፓርኩ መራጭና የእኔ ደብተር

ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከሬዲዮ ነው፤ ዙሉንም እንዲሁ። አስተማሪዬ የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ የሚያስተላልፈው ሰውዬ ነበር። ከሆሳዕና አካባቢ ተነስቼ ጆሃንስበርግ ስገባ ቁጥር እንኳ በጣቴ ነበር የማሳየው፤ በሦስተኛው ዓመት ግን አይቮሪ ፓርክ ባለው ሱቄ መስኮት ላይ ቆሜ የአንድን አማካይ ድክመት በዙሉ አስረዳ ነበር። ልመካ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ እውነት ስለሆነ መቀነስ አልችልም።

ሌላው ሀብቴ ከፎርድስበርግ የገዛኋቸው ሦስት ወፋፍራም ደብተሮች ናቸው። ከከተማው ክለቦች አንዱ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ ዱርንፎንቴን አጠገብ ባለ ሜዳ፣ የታዳጊዎች ሙከራ ያደርግ ነበር። ሜዳው በልጅ ይሞላል፤ የሚመረጡት ሦስት ወይም አራት ናቸው። እኔ የተመረጡትን ከሬዲዮና ከጋዜጣ እየለቀምኩ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ከጎናቸውም ፍርዴን አኖራለሁ፦ «ይሆናል»፣ «አይሆንም»። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነኝ። ዓመቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እጄ ሌላ አልለመደም። ለእዚህ አገር ሰዎች ስነግር ሰባት እደምራለሁ። ይህን መደመር ለስንቱ የአገሬ ልጅ አስተምሬያለሁ፤ ቅጽ መሙላት የጨነቀው ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው።

ኮሮና በመጣበት ዓመት ኳስ ቆመ። እንደ እኔ ያለው፣ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ግን ምግብ ስለሚሸጥ አልተዘጋም። ከመስኮቴ ፊት መሬቱ ላይ ነጭ መስመር በመስመር አሰመርኩ፤ ደንበኛ ሁሉ አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ በየመስመሩ ይቆማል። ሰዉ ሥራ የለው፣ ጨዋታ የለው፤ ተራው እስኪደርስ የሚያወራው ያለፈውን ነው። ክለቡ በየትኛው ዓመት ማንን መረጠ፣ ማንን ጣለ፣ የቱ ምርጫ ስህተት ነበር። እኔም ከብረት ፍርግርጉ ውስጥ ሆኜ እዳኛለሁ፤ ደብተር ያለው ሌላ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት ስለ አንድ የግራ ክንፍ ተጫዋች ስንከራከር፣ «እሱን ያገኙት በዕድል ነው፤ ዓይን ኖሯቸው አይደለም» አልኩ።

«በዕድል አይደለም» አለ አንድ ሰው ከአራተኛው መስመር። «ኳስ ሲነጠቅ አይቼው ነው።»

ጎረቤቴ ነበር። ከሱቄ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ዳቦ የሚገዛ ሽማግሌ። ለክለቡ እንደሚሠራ ሰምቼ ነበር፤ ግን ሣር አጫጅ ይመስለኝ ነበር።

«ምን አግብቶህ አየኸው?» አልኩት።

«መራጩ እኔ ነበርኩ» አለ። ዘበኛ ነበርኩ እንደሚል ሰው፣ ቀለል አድርጎ።

ለስንት ዓመት «ይሆናል»፣ «አይሆንም» ስልባቸው የኖርኩት ልጆች ሁሉ በዚህ ሰው ዓይን ያለፉ ናቸው። እሱ ደግሞ በየቀኑ ከእጄ ዳቦ ይቀበላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመስመሮቹ ወጣ ብሎ አንድ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ አስቀመጥኩለት። እዚያ ላይ ተቀምጦ፣ በየደንበኛው መሀል፣ እንከራከራለን። እኔን ማዳላ ይለኛል፤ በእነሱ አፍ ሽማግሌ ማለት ነው። እኔም ማዳላ እለዋለሁ።

«ሁሉም ሰው ኳስ የያዘውን ልጅ ያያል» ይለኝ ነበር። «እኔ የማየው ኳሱን ያጣውን ነው። ካጣ በኋላ እግሩን ካየ፣ ወደ ቤቱ። የነጠቀውን ልጅ ካየ፣ ይቆይ።»

«ግብ ጠባቂውስ? ረጅሙ? እሱ ምኑን አይቶ ነው የቆየው?»

«እሱን ተወው።»

«አልተወውም። ደብተሬ ላይ ‹አይሆንም› ብዬ ጽፌዋለሁ።»

«አንተ ሬዲዮ ሰምተህ። እኔ ቆሜ አይቼው ተሳሳትኩ። የቱ ይከብዳል?»

ክረምቱ ሲበረታ በሽታው ያዘው። በኦክስጅን ከረመ። ሞተ ብለን ነበር፤ ተመለሰ። ሳጥኑ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱን በእጁ ይዞ ነው። የመጀመሪያውን ተጫዋች አነሳሁበት፤ ዓይኑን ጨፈነና ቆየ።

«ሽታ የለም፤ ዳቦህ አይሸተኝም» አለ። «ስሞቹም የሉም። አንድም አልቀረ። ጫማቸው ግን አለ።»

ያን ቀን ያየሁትን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ዓይኑን እንደጨፈነ ጀመረ። ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ለሙከራ የመጡ ዕለት ባደረጉት ጫማ። ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጎ የመጣው ተከላካይ፤ ቀኙ ቀይ፣ ግራው ጥቁር። ጫማውን በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠምጥሞ የመጣው የመሀል ልጅ፤ በየሩጫው ፕላስተሩ እየተፈታ ይከተለዋል። የእህቱን የተማሪ ቤት ጫማ አድርጎ የመጣው የግራ ክንፍ፤ ማሰሪያው በጎን ቁልፍ ያለው ዓይነት። ስማቸውን ባይጠራም፣ ከቦታቸውና ከአጨዋወታቸው ማን ማን እንደሆኑ ለየኋቸው፤ እኔ ግን ሦስት ደብተር ሞልቼ አንዱንም ጫማ አልጻፍኩም። ሰልፍ ላይ ያሉት ሴቶች ዳቦ መግዛቱን ረሱት።

«የተመረጡበትን ዓመት ጠይቀኝ» አለኝ ሲጨርስ። «አንተ ዘንድ ተጽፏል። ዓመቱም ከሄደ ልወቀው።»

የፈራው ነገር ነበረው። ሊምፖፖ በሚባል ክፍለ ሀገር የምታስተምር ሴት ልጅ አለችው። አእምሮው ከተነካ ብቻውን መኖር አይችልም፣ ወደ እኔ ይምጣ ትላለች። እሱ ደግሞ እዚያ አንድ የሚያውቀው ሰው የለም፤ ኳስ የሚያነሳበት መንገድ የለም። «እዚያ ከሄድኩ የሚጠይቀኝ የለም» አለኝ። «የማይጠየቅ ሰው ደግሞ ይጠፋበታል።»

ጠየቅኩት። ባለሁለት ዓይነት ጫማውን ዓመት ተናገረ። ደብተሬን ገለጥኩ፤ ሰባት ደመርኩ።

«አይደለም ማዳላ። አንድ ዓመት ይቀድማል።»

ባለፕላስተሩን ተናገረ። ገለጥኩ፤ ደመርኩ። «እሱም አንድ ዓመት ይቀድማል።»

ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ልዋሽለት አልችልም፤ ደብተሬ የታወቀው በእውነቱ ነው። እንዲያውም አንዴ ሲከራከረኝ፣ «ደብተር አይታመምም» አልኩት። ሰልፉ ሳቀ። እሱም ትንሽ ሳቀ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ልጁ ስትመጣ መስኮቴ ላይ ቆመች። «ባባ፣ አባቴ እርስዎ ዘንድ ተጽፎ አለ ይላል። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልክ ይላል?»

«አንዱንም ዓመት ልክ አላለም» አልኳት።

አባቷ ሳጥኑ ላይ ሆኖ ይሰማል። «አንድ ልጨምር» አለ። «የእህቱ ጫማ። እሱን የመረጥኩት በዓለም ዋንጫው ዓመት ነው፤ እዚሁ አገራችን በተደረገው። ዋንጫው ባለቀ ሳምንቱ። ጆሮዬ ውስጥ ገና ቩቩዜላው ይጮህ ነበር። ይህንን ካጣሁ ሌላ የለኝም።»

ገለጥኩ። 2002። ሰባት ሲደመር ሁለት ሺህ ዘጠኝ። «ከዓለም ዋንጫው ዓመት በፊት ነው» አልኩ።

አልተከራከረኝም። ተነሳና ወደ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ዳቦ ሊገዛ አልወጣም። ልጁ ቅዳሜ እንደምትወስደው ነገረችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ባኪ የሚሏት የጭነት መኪና ደጁ ቆመች፤ ፍራሹም ተጫነ። እኔ ስሰናበተው አንድ ነገር ላነብለት አሰብኩ። የእህቱን ጫማ ላደረገው ልጅ የጻፍኩትን ፍርድ። «ይሆናል፤ በጣም ይሆናል» ብዬ ነበር። ከመላው ከተማ ቀድሜ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ደስ ይለዋል ብዬ ነው። ገጹን ስፈልግ ሁለት ቅጠል ወደ ኋላ አለፍኩ። አንድ የጋዜጣ ሥዕል ተለጥፎ አየሁ፤ ስታዲየሙ፣ ባንዲራው፣ ዋንጫው። ከሥሩ በገዛ እጄ ተጽፏል፦ «ሰኔ 4 ቀን 2002። የዓለም ዋንጫ ዛሬ ተከፈተ። ሱቄን አልዘጋሁም፤ በሬዲዮ ሰማሁት።»

2002። ሰባት ሲደመር ሁለት ሺህ ዘጠኝ። ያ ዋንጫ ግን የሁለት ሺህ አስር መሆኑን ሕፃን ያውቃል።

በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሰባት የሚደመረው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ፈረንጆቹ ዓመታቸውን እስኪለውጡ ነው። እነሱ ከለወጡ በኋላ እስከ ጳጉሜ ድረስ ስምንት ነው። ሙከራው ደግሞ ሁልጊዜ ሐምሌ ላይ ነበር። ሁልጊዜ። ይህን ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ ማንም አልነገረኝም። ስንቱን ያገሬን ሰው ቅጽ ላይ አንድ ዓመት እንዳስረጀሁ ግን እግዚአብሔር ይወቀው።

ከዚያ በኋላ የመጣብኝ ሐሳብ ነው ያስደነቀኝ። የሚረሳ ሰው ወዲያም ወዲህም ይስታል። እሱ ከእኔ የተለየው ሁልጊዜ በአንድ ዓመት፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር። ከኦክስጅን የተነሳ ሰው የእኔን ስህተት ሳምንት ሙሉ ሳያዛንፍ ሲያሳየኝ፣ እኔ ሰው አስቅበት ነበር።

ሱቄን ዘጋሁ። ለዓለም ዋንጫ ያልዘጋሁትን። ሰልፉ «ማይ ፍሬንድ፣ ወዴት ነው?» እያለ ይከተለኛል። ደብተሩን ታቅፌ ባኪዋ ጋ ደረስኩ።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። በዙሉ ነው ያልኩት፤ ሁሉም እንዲሰማ። «እሱ አልተሳሳተም። መደመር ያላወቅኩት እኔ ነኝ።»

ልጁ ደብተሩን አየች። «ይህን ጽሑፍ እኔ አላነብም፤ እርስዎ አዝነውለት ይሆናል።»

«ፊደሉን ተዪው። ሥዕሉን እዪ። ከሥሩ ያለውን ቁጥር እዪ።»

አየች። ስልኳን አውጥታ ከ2010 ላይ ቀነሰችው፤ ስምንት ሆነ። ከዚያ ደብተሩን ከእጄ ወሰደችና መኪናዋ ላይ ዘረጋችው። እኔ መስመሩን አሳይቼ የየትኛው ጫማ እንደሆነ እነግራታለሁ፣ እሷ ስምንት ትደምራለች፣ ከዚያ አባቷን ትጠይቃለች። እሱ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

«ሁለት ዓይነት ጫማው?»

ነገራት። ልክ ነበር።

«ፕላስተሩ?»

ልክ።

ሌላ ጠየቀች፤ ሌላም። አምስተኛው ላይ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ለሾፌሩ፣ «ፍራሹን አውርደው» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ሳጥኑ ላይ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ በሦስት ቋንቋ። እሱ ግን ቀደመኝ።

«ማዳላ፣ እዚህ ሱቅ ልትከፍት የመጣህ ዕለት ምን ጫማ ነበር ያደረግኸው?»

አላስታውስም። እውነቴን ነው፤ አላስታውስም።

«ቡናማ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ» አለ። «የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ በሽቦ አስረኸዋል። የዳቦ መደርደሪያ ተሸክመህ ከታክሲ ስትወርድ ሽቦው ወጋህ። ቆምክ፤ እግርህን አላየህም፤ ቤቱን አየህ። ማታ ለሚስቴ፣ ይኼኛው ይቆያል አልኳት።»

ሰልፉ ላይ ያሉት ወደ እኔ ዞሩ። ዳቦውን በፍርግርጉ አሳለፍኩለት። ማታ አዲስ ገጽ አወጣሁና የነገረኝን ጫማ ሁሉ ጻፍኩ፤ የእኔንም ጨምሬ። ዓመቱንም በስምንት አስተካከልኩ። ያ ሰው ከግብ ጠባቂው በቀር በማንም ተሳስቶ አያውቅም።