ማዶ ያለች እኅት

ዋማን ቢዴ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ በእግራቸው ያደሉ ሰው ናቸው። ከፑኔ ከተማ በስተምሥራቅ የሚወጣው ይህ መንገድ ያን ጊዜ ግራ ቀኙ ዋርካ ነበር፤ ሰው መሐሉን ይዞ ሲሄድ የበሬ ጋሪ ነበር ጥግ የሚይዝለት። ዛሬ ዋርካው የለም፤ ስድስት ረድፍ መኪና አለ። ዋማን ግን በሰባ ስምንት ዓመታቸውም አሉ፤ ጉልበታቸው እንጂ የእግር ልማዳቸው አልከዳቸውም።

ለዚህም ነው የሰፈሩ ማኅበር «መንገዳችን ለእግረኛ ይመቻል ወይ?» የሚል ቅጽ ሲያዘጋጅ፣ የጎረቤት ልጅ ራጃሽሪ ለእሳቸው ይዛ የመጣችው።

«ካካ፣» አለቻቸው፤ ሥጋዋ ባይሆኑም አጎቷ ናቸው። «እየሄዱ ነጥብ መስጠት ብቻ ነው። ከዜሮ እስከ አምስት።»

«ከዜሮ በታች የለም?»

«አይቀልዱ እንጂ።»

«እሺ፣ ነገ ኢንዱ ዘንድ ስሄድ እሞላልሻለሁ።»

ነገ የወንድምና የእኅት በዓል ነው። እኅት እህል ሳትቀምስ ትውላለች፤ ወንድሟ ሲመጣ ግንባሩን ቀይ ቀብታ፣ መብራት በፊቱ አዙራ፣ ጣፋጭ ካጎረሰችው በኋላ ነው የምትበላው። እኅታቸው ኢንዱ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። ሐኪሙ ጾም ከልክሏታል፤ እሷ ደግሞ ሐኪሙን አትሰማውም። ቤቷ ከወንድሟ ቤት ትይዩ ነው፤ መንገዱን እንደተሻገሩ፣ ሁለተኛ ፎቅ። በረንዳዋ ላይ የምታሰጣውን ልብስ ቀለም ከዚህ ሆነው ይለዩታል።

ዋማን ጾሟን ላለማስረዘም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወጡ። የእግረኛ ተብሎ የተነጠፈው ንጣፍ መቶ እርምጃ ሄደና የኤሌክትሪክ ሳጥን ላይ አለቀ። ከሳጥኑ ወዲያ የቆሙ ሞተር ብስክሌቶች፤ ከእነሱ ወዲያ የሚሄዱ ሞተር ብስክሌቶች።

«ሽማግሌው፣ መንገድ ይልቀቁ እንጂ፣» አላቸው አንዱ ከኋላ።

«መንገድማ ያውልህ፣» አሉ ወደ አስፋልቱ እያመለከቱ።

«እሱ ተዘጋግቷል።»

አምና የተሻገሩበት የመሐል ክፍተት ድረስ ተጓዙ፤ በሲሚንቶ ግንብ ተደፍኗል። የተረፈው እቤታቸው ፊት ለፊት አንድ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን እየያዙ ተመለሱና ባጃጅ አስቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«ማዶ።»

«የት ማዶ?»

«ያቺ ልብስ የተሰጣባት በረንዳ።»

ሾፌሩ ሳቀ። «ለመዞር አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ መዞሪያው ድልድይ ሥር ደግሞ መኪናው ከጠዋት ጀምሮ እንደቆመ ነው። በእግርዎ ይሻገሩ ይልቅ፤ ምን አላት፣ አምሳ እርምጃ።»

ዋማን እንደማንኛውም ሰው መዳፋቸውን ወደሚመጣው መኪና ዘርግተው አስፋልቱ ላይ ወረዱ። የበዓል ልብሳቸው ነጭ፣ ጢማቸው ነጭ። የአንድ ጭነት መኪና ሾፌር አያቸው፤ እጁን ከመሪው አንሥቶ ግንባሩን ነካ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ ፍጥነቱን ግን አልቀነሰም። ቀጥሎ የመጣውም እንዲሁ። በሞተር ያለፉ ባልና ሚስት «ይባርኩን ባባጂ» አሉ። ያኔ ገባቸው፤ ሰዉ መነኩሴ አግኝቶ እየተባረከ ነው። እጃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ የሚያያቸው የለም፤ ከፍ ሲያደርጉ ቅዱስ ይሆናሉ። ለሽማግሌ ፍሬን የማይይዝ ሰው ለበረከት አንገቱን ይሰብራል፤ መስገድ ከመራራት ምንኛ ይቀላል።

አንድ አውቶቡስ በነፋሱ ብቻ ገፍቶ ጠርዙ ላይ አስቀመጣቸው። ቅጹን አወጡ። «አሽከርካሪ ለእግረኛ ቅድሚያ ይሰጣል?» ለሚለው፣ «ይሰግዳል እንጂ አይቆምም» ብለው ጻፉ።

ስልካቸው ጮኸ። ኢንዱ ናት፤ ከበረንዳዋ ታያቸዋለች።

«ዳዳ፣ ምን ታደርጋለህ እዚያ?»

«እባርካለሁ።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ደግሞ?»

«ተይው። እስቲ ብይ አንቺ።»

«ወንድሜ ፊቴ ቆሞ? አልበላም።»

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል?»

«ትንሽ፣» አለች።

ሦስት ጊዜ ወረዱ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተሳልመዋቸው አለፉ። በአራተኛው ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ።

ጀምበር ስትጠልቅ ኢንዱ መብራቷን ይዛ በረንዳው ላይ ወጣች። ዋማን የደጃቸውን አጥር ተደግፈው ተነሡ፤ ከዚያው ሆና ልታዞርልኝ ነው ብለው ቆባቸውን አስተካከሉ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ምዕራብ መለሰች፤ በሕንፃዎቹ መሐል የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጨረቃ ወጥታለች። መብራቷን ለጨረቃዋ አዞረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ወንድም የሞተባት፣ ወይም እናቷ ወንድ ያልወለደችላት ሴት እንደዚያ ነው የምታደርገው፤ ጨረቃን በወንድም ቦታ ታቆማለች።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«በላሁ ዳዳ። ዓይኔ ጨለመብኝ። አትቀየመኝ።»

«ደግ አደረግሽ።»

«ምን ላድርግ፤ ከአንተ እሷ ቀረበችኝ።»

ዋማን ቀና ብለው ጨረቃዋን አዩ። እውነቷን ነው።