ጋዲሴ ዋቅቶላ በአራት መደብ

በየካ፣ ከእንጦጦ ራጉኤል ቁልቁል ዳገቱ ላይ አንድ የመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤት አለ። ስሙ ይቅር፤ ጎረቤቶቹም ከእሱ አይሻሉም። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ተማሪው ግን አንድ ሺህ ሦስት መቶ። መዋቅሩን ላነበበ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ባለሙያና የተማሪዎች አማካሪ አሉት። አራት በር ላይ አራት ታፔላ ተሰቅሏል። ከአራቱም ታፔላ ጀርባ ያለችው ግን አንዲት ጋዲሴ ዋቅቶላ ናት።

ጋዲሴ የተቀጠረችው ለቤተ መጻሕፍቱ ነበር። የቤተ ሙከራው ሰውዬ ሲዛወር «እስኪተካ ድረስ ያዢው» አሏት። ነርሷ ለወሊድ ስትወጣ «እስክትመለስ ድረስ» አሏት። ነርሷ አልተመለሰችም፤ ልጇ እንኳ አሁን መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል። መምህር በቀረ ቁጥርም ቾክ ይዛ የምትሮጠው እሷው ናት። ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው፤ ከመሪ ኮንዶሚኒየም በሁለት ታክሲ ትመጣለች። ሳቂታ ናት፤ ሳቋን አይቶ የዋህ ናት ያለ ግን ተሸውዷል።

ከልቧ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአማካሪነቱን መደብ። ለዚሁ ብላ አምስት ዓመት ቅዳሜና እሁድ ተምራ በሳይኮሎጂ ተመርቃለች። ነገር ግን ለመደቡ ማስታወቂያ አይወጣም፤ ርእሰ መምህሩ አቶ ወልደገብርኤል በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «ተሟልቷል» ብለው ይጽፋሉና። ያሟላችው ማን እንደሆነች አይጽፉም።

ይህ ፍላጎቷ የጠናው በጊፍቲ ምክንያት ነው። ጊፍቲ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ወደ አማካሪው ክፍል ገባችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» አለች። ይህን ብላ ሳትጨርስ ጋዲሴ ተጠራች፤ ሰባተኛ «ሐ» መምህር የለም። «ነገ ነይ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?» ብላት ሮጠች። ጊፍቲ በነጋታው አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣችም። ግቢ ውስጥ ሲገናኙ መሬት መሬት እያየች ታልፋለች። ጋዲሴ ይህን ባሰበች ቁጥር ታፍራለች፤ ትናደዳለችም።

የካቲት ላይ ኢንስፔክሽን መጣ። አቶ ወልደገብርኤል ክፉ ሰው አይደሉም፤ ኢንስፔክሽን ለትምህርት ቤት የሚሰጣት ደረጃ ሦስት ግን ነፍሳቸው ናት። በዋዜማው ጋዲሴን አስጠሯት።

«ነገ አራቱም ክፍል ውስጥ ሰው ይኖራል» አሏት።

«ማን?»

«አንቺ ነሻ! ኢንስፔክተሯን በደረጃው ቀስ እያልኩ አወጣቸዋለሁ። አንቺ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ባለው አቋራጭ ቅደሚን። ጋወን ቀይሪ፣ መነጽር አድርጊ፣ ቅጹን ሞልተሽ ፈርሚ፣ አለቀ።»

«ጋሼ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ እኮ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

«ዛፍ አላልኩሽም፣ ክፍል ነው ያልኩሽ።»

«እሺ» አለች። እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቷ ሊያሳስባቸው ይገባ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ወይዘሮ አፀደ ጠንቃቃ ሴት ናቸው፤ የሚያዩት ግን ቅጽ እንጂ ሰው አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነጠላ የለበሰችውን ጋዲሴን አስፈረሙ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ነጭ ጋወን የለበሰችውን አስፈረሙ። የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል ውስጥ ሻሽ አስራ የአንድ ጤነኛ ልጅ ጣት በፋሻ ስትጠቀልል አገኟትና አስፈረሙ፤ ልጁ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነክሷል። አማካሪው ክፍል ሲደርሱ በመነጽር ተቀምጣ ታለከልካለች።

«አሞዎታል እንዴ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ዳገቱ ነው» አለች ከወንበሯ ሳትነሣ።

ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ተሰብስበው ወይዘሮ አፀደ ግብረ መልሱን ማንበብ ጀመሩ።

«ቤተ መጻሕፍት፣ ጋዲሴ ዋቅቶላ። ቤተ ሙከራ፣ ጋዲሴ ዋቅቶላ።» ቆም አሉ። «ሞክሼ ናቸው?»

አቶ ወልደገብርኤል ውሃ ጠጡ።

«የመጀመሪያ እርዳታ፣ ጋዲሴ ዋቅቶላ። አማካሪ...» የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ቀና አሉ። «እስቲ እነዚህ ጋዲሴዎች ይነሡልኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች።

«ሌሎቹስ?»

«ሁላችንም ቆመናል» አለች ጋዲሴ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ወይዘሮ አፀደ፣ ልጅ የሆዷን ልትነግረኝ ትመጣለች፤ እኔ ተጠርቼ ጥያት እሄዳለሁ። የአማካሪው መደብ ባዶ ነው ተብሎ ይጻፍልኝ» አለች።

ተጻፈ። ትምህርት ቤቱም ደረጃ ሁለት ላይ ቀረ፤ አቶ ወልደገብርኤል ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላም አላሏትም። በአራተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣላት፦ «የተማሪዎች አማካሪ ሆነው፣ እስካሁን የያዟቸውን ሥራዎች ደርበው እንዲሠሩ ተመድበዋል።» ጋዲሴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ እልህ ያዛት።

ሰኞ ጠዋት አማካሪው ክፍል ገብታ ተቀመጠችና ጊፍቲን አስጠራች። ልጅቷ መጥታ ገና ከመቀመጧ በሩ ተንኳኳ፤ አቶ ወልደገብርኤል ናቸው።

«ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቷል! ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈዋል።»

«የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ አልመጣችም፤ ቀሪ ይጻፏት።»

«ጋዲሴ...»

«እኔ አማካሪዋ ነኝ፤ ተማሪ ይዣለሁ።»

ርእሰ መምህሩ ጋዲሴን አዩ፤ ጊፍቲን አዩ። በሩን መልሰው ዘጉና የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ፍለጋ ሄዱ። ያን ቀን መጽሐፍ ሲያውሱ የዋሉት እሳቸው ናቸው።

ጊፍቲ በሩን በሩን ታያለች። «ቲቸር፣ ዛሬስ አይጠሩዎትም?»

«ይጥሩ» አለች ጋዲሴ።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከጭኗ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና መናገር ጀመረች።