ፊርማ ያለበት ስርዝ ድልዝ

መጽሐፌ የታተመ ቀን ኬክ ቆርሼበታለሁ። የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍን በአማርኛ የሚያስተምር መጽሐፍ ጽፌ ዝም ልል? ችግሩ፣ የኮምፒውተር ቋንቋ ደራሲ አያከብርም። አዲስ ትእዛዝ ይጨመርበታል፣ አሮጌው ይሻራል። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ «አድሰሽ አሳትሚው እንጂ» ያለኝን ሁሉ ሳኮርፍ ከረምኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ኖርክሮስ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በዚያው መጽሐፍ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ በዕድሜ ትልቁ በዲቪ የመጡ፣ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። አገር ቤት መዝገብ ቤት ይሠሩ ነበር፤ እዚህ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳሉ። ወገባቸው እምቢ ሲላቸው እዚያው መጋዘኑ ቢሮ ለተከፈተ፣ ኮድ መጻፍ ለሚጠይቅ የዳታ ሥራ አመለከቱ። ፈተናው ሰኞ ነበር።

ከፈተናው በፊት ባለው ቅዳሜ ላፕቶፓቸውን ዘግተው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

«ይቅርብኝ ልጄ፣ ጭንቅላቴ ደርቋል» አሉኝ። «የምዕራፍ አምስትን ኮድ ራን ባደረግኩት ቁጥር ኤረር ይለኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ!»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«ምን ብዬ? መጽሐፉ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ነው የገለበጥኩት። መጽሐፍ ይሳሳታል እንዴ?»

አየሁት። ትእዛዙ ከቋንቋው ከወጣ ቆይቷል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ስኮራ እሳቸው ራሳቸውን ሲሰድቡ ከርመዋል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። መጽሐፉ አርጅቷል» አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝና ሳቃቸው ፈነዳ። «ተመስገን! እኔ ያረጀሁ መስሎኝ!» ሌሎቹ አንባቢዎች ዞረው እስኪያዩን ድረስ ሳቅን።

የታረመውን በሌላ ወረቀት አትሜ ልስጥዎት ብል አሻፈረኝ አሉ። በአሮጌ ካላንደር የለበዱትን መጽሐፍ ገለጡ፣ የተሻረውን መስመር በማስመሪያ ሰረዙ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉና እስክሪብቶውን አቀበሉኝ።

«ፈርሚበት። ፊርማ የሌለው ስርዝ ድልዝ ዋጋ የለውም።»

የመዝገብ ቤት ሰው ምን ይደረጋል! ከሰዓቱን ሙሉ ገጽ በገጽ ሄድን። እኔ ኮዱን እሞክራለሁ፣ እሳቸው ይሰርዛሉ፣ እኔ እፈርማለሁ። አሥራ አንድ ቦታ ፈረምኩ። ስህተቴን ሳይ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሳምንቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሥራውን አግኝተዋል! እልል ልል ስል መጽሐፉን ዘረጉልኝ። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ አንድ መስመር ተሰርዟል። ከጎኑ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አዲስ ተጽፎ የራሳቸው ፊርማ አርፎበታል።

«ይቺ አምልጣሽ ነበር» አሉ። «እሁድ ስለማመድ አገኘኋት። መንዴይ ፈተናው ላይ ቁጭ ብላ አልጠበቀችኝም? መጽሐፍሽን ብሰማ ኖሮ ወድቄ ነበር!»

ኮዱን ሞከርኩት። ልክ ናቸው።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከእሳቸው ፊርማ ስር ፈረምኩ።