የኩዌት ነጻነትና የልጄ ልደት

«ስንት ዓመቷ ብዬ ልጻፍበት?» አለኝ ዛሬ ሪቃይ ሰፈር ሁልጊዜ ኬክ የምገዛበት ቤት ሰውዬ።

ዛሬ ኩዌት ነጻ የወጣችበት ቀን ነው፤ ከተማው በባንዲራና በጡሩንባ አብዷል። ልጄ አልማዝም የተወለደችው ዛሬ ነው፣ የየካቲት ገብርኤል ዕለት። በየዓመቱ ኬኳን የምገዛላት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

«አባዬ፣ ርችቱ እኮ ለእኔ ነው» ትለኝ ነበር። መንግሥት አልሰማትም እንጂ!

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ታማ ሞተችብኝ። ዛሬ ግን እግሬ ለምዶ ኬክ ቤት ወሰደኝ።

ሰውዬው ደግሞ ጠየቀኝ።

«አምና የጻፍከውን ድገመው» አልኩት። «ዘንድሮ አልጨመረችም።»

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምትጽፍልኝ ጓደኛዋ ናት። ኬኩ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል፤ ቢላዋውን የሚያነሳ ጠፋ።

እናንተስ የሞተባችሁ ሰው ልደት ሲደርስ ምን ታደርጋላችሁ? ጻፉልኝ፤ ታነብልኛለች።