ከገመዱ ማዶ

በንጉሡ ዘመን አቃቂ ባለ አንድ የብረት ፋብሪካ የብየዳ ስፌቶችን በጨረር ፎቶ አነሳ ነበር። ሠራተኞቹ ጨረሩን ስለሚፈሩ ምሳ እንኳ አብረውኝ አይበሉም ነበር። የሚያጫውቱኝ ከከለልኩት ገመድ ማዶ የሚቆሙት ሽማግሌው ዘበኛ ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን አዲስ የጨረር መለኪያ መጣልኝ። እሳቸው በሚቆሙበት ስለካ መርፌው ሁለት ላይ ቆመ። የተፈቀደው እስከ ሁለት ተኩል ስለሆነ ደስ አለኝ። ልብ ብዬ ሳየው ግን ደንቡ የጨረሩን መጠን የሚለካው በሚሊሮንትገን በሰዓት ነው፤ መሣሪያው የሚያሳየው ማይክሮሮንትገን በሰከንድ። ወደ ደንቡ መለኪያ ለመለወጥ በሦስት ነጥብ ስድስት ሳባዛው ከሰባት አለፈ።

«አባባ፣ እባክዎ ከዚያ ይራቁ» አልኳቸው።

«ከዚህም ከራቅሁ እንዴት እንጫወታለን?»

«ምን ላድርግ፣ ግድ ሆነብኝ።»

ገመዱን እስከ አጥሩ ድረስ ወሰድኩት። እሳቸውም ቀስ እያሉ ወደ በሩ ሄዱ። ያን ቀን የሰው ድምፅ ሳልሰማ ሠርቼ ወጣሁ።