ከሾፌሩ ጀርባ ያሉት ወንበሮች

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የመቱው ሬዲዮ ጣቢያችን አዘጋጅ ጋሽ መርጊያ አንድ የድምፅ መቅረጫ አስጨበጡኝና፣ «ኮሌጁ ሜዳ ሂጂ። ጨዋታው ሲያልቅ አሠልጣኝ ኃይሉ መግለጫ ይሰጣል፤ ድምፁን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ማዕረጌ ጀማሪ ሪፖርተር ነበር። ሰማዩ እንደ ልማዱ አጉረምርሟል። መቅረጫውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ራሴን ለዝናቡ ሰጥቼ ሄድኩ።

አሠልጣኝ ኃይሉን የማያውቅ የኢሉባቦር ሰው አልነበረም። በወጣትነቱ አዲስ አበባ በትልቅ ክለብ ተጫውቷል። ጉልበቱ ሲከዳው ወደ አገሩ ተመልሶ የኮሌጁን ቡድን ያዘና ዋንጫ በዋንጫ ላይ ደረበ። ሻይ ቤት ሲገባ ሽማግሌ ሳይቀር ብድግ ይልለት ነበር።

መግለጫው የተሰጠው በአንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። እሱ በመምህሩ ቦታ፣ እኛ ጋዜጠኞቹ በተማሪዎቹ ዴስክ ላይ። ሁሉም ንግግሩን «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ይጀምራል። ተራዬ ሲደርስ ሰባት ቁጥሩ ለምን በእረፍት እንደተቀየረ ጠየቅሁ።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

የአባቴን ስም ነገርኩት።

«አውቃቸዋለሁ፤ ጨዋ ሰው ናቸው» አለና ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ቀጣይ ጥያቄ!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

በእኛ አገር የስፖርት ጋዜጠኝነት ምን ላይ እንደቆመ የገባኝ ግን ከዚያ በኋላ ነው። የቆመው በአውቶቡስ ላይ ነበር። ጣቢያችን መኪና የለውም። ቡድኑ ጎሬ፣ ቡሬ ወይም በደሌ ሲጓዝ እኛም የምንሄደው በኮሌጁ አውቶቡስ ነው፤ የምንበላውም ከቡድኑ ጋር ነው። ማን ይሳፈር፣ ማን የት ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው አሠልጣኙ ነበር።

ከሾፌሩ ጀርባ ያሉት ወንበሮች ለሚያሞግሱት ናቸው። ዝም የሚሉት መሐል ይቀመጣሉ። በጥያቄው አሠልጣኙን ትንሽ የጎረበጠ ሰው ከኋላ፣ ጎማው ላይ ይጣላል፤ የጎሬን መንገድ ያየ ሰው ጎማ ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ ያውቃል። በጣም ያስቀየመ ደግሞ መነሻ ሰዓቱ አይነገረውም። ማንም ተቆጥቶ አይናገርም፤ አውቶቡሱ ብቻ ጥሎህ ይሄዳል።

ኃይሉ በምሳ ሰዓት አንድ ነገር መድገም ይወድ ነበር። የተሻለውን ሥጋ ወደ እኛ ገፋ እያደረገ፣ «ብሉ እንጂ! ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» ይላል። ይስቃል፤ እኛም እንስቃለን።

የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ የመጣ ዕለት ኃይሉ ሌላ ሰው ይሆናል። ወንበር ይስባል፣ ጥያቄውን ሁሉ «ግሩም ጥያቄ ነው» ይላል። ለእነሱ ማር፣ ለእኛ ሬት። ከእኛ መሐል በዚህ የማይበሳጭ አልነበረም፤ የምንበሳጨው ግን እሱ በሌለበት ነው።

ሰውየው ክፉ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ካልተናገርኩ እዋሻለሁ። ለድሃ ልጆች ከኪሱ ጫማ ገዝቷል። የሁሩሙውን ልጅ ቶሌራን ከገበያ ሜዳ አይቶ፣ ኮሌጁን ለምኖ ያስገባው እሱ ነው። ቶሌራ የመሐል ተከላካይ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የመጣውን ኳስ ሁሉ በግንባሩ የሚመልስ። እናቱ እትዬ ጫልቱ ማር ሸጠው ያሳደጉት አንድ ልጃቸው ነው። አሠልጣኙን የሚጠሩት «የልጄ አባት» እያሉ ነበር።

ቡሬ ላይ በተደረገው ጨዋታ ቶሌራ ከማዕዘን የተሻማን ኳስ ለማውጣት ሲዘል ከአጥቂው ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ድምፁ እኔ እስከቆምኩበት መስመር ድረስ ተሰማ። አጥቂው ጭንቅላቱን ይዞ ተነሣ። ቶሌራ ግን ተዘርሮ ቀረ፤ በኋላ ደግፈው ሲያስነሡት አቅጣጫው ጠፍቶት ወደ ተቃራኒው ጎል መሄድ ጀመረ። የቡድኑ ወጌሻ ሁለት እጁን እያሽከረከረ ይቀየር የሚል ምልክት አሳየ።

ኃይሉ ራሱን ነቀነቀ። «ጀባዹ!» ብሎ ጮኸ፤ በርታ ማለቱ ነው። ቶሌራም በረታ። እስከ መጨረሻው ድረስ በዚያው ግንባሩ ኳስ ሲመልስ ቆየ፤ ቡድኑም አሸነፈ።

አጠገቤ የቆመው የሌላ ጣቢያ ጋዜጠኛ በፍቃዱ፣ «ይሄ ልጅ ዓይኑ ልክ አይደለም፤ አየሽው?» አለኝ። በጣም የሚያውቅ፣ ከእኔ በፊት ሥራውን የጀመረ ሰው ነው። «መግለጫው ላይ እንጠይቅ» አልኩት። «እንጠይቅ» አለ።

መግለጫው እንደተለመደው በእንኳን ደስ አለዎት ተጀመረ። ኃይሉ፣ «ቶሌራ ዛሬ እንደ አንበሳ ተጫውቷል። ሕመም የማያውቅ ልጅ ነው» አለ። እጄን አወጣሁ።

«አሠልጣኝ፣ ወጌሻው ይቀየር ሲል ለምን አልቀየሩትም? ቶሌራስ አሁን እንዴት ነው? ሐኪም አይቶታል?»

«አንቺ ኳስ በግንባርሽ ገጭተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም። ስላልሆንኩ ነው እርስዎን የምጠይቀው።»

«ቀጣይ ጥያቄ!» አለ።

በፍቃዱን አየሁት። እጁን አወጣ፤ ልቤ ትንሽ መለስ አለልኝ። «አሠልጣኝ፣ ለእሑዱ ጨዋታ ዝግጅታችሁ ምን ይመስላል?» ሲል ጠየቀ። ዓይኑን ወደ እኔ አላዞረም።

አውቶቡሱ በር ላይ ስደርስ የቡድን መሪው በእጁ ከለከለኝ። «እህቴ፣ አትቀየሚኝ፤ ወንበር ሞልቷል።» ከሾፌሩ ጀርባ ሁለት ባዶ ወንበር ይታየኛል። ከኋላው ቶሌራ ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ ጥሎ፣ ፌስታል አፉ ላይ ይዞ ያስመልሳል። «ይሄን ልጅ መቱ ስትደርሱ ቀጥታ ሐኪም ጋ ውሰዱት» አልኩት የቡድን መሪውን። «ለአሠልጣኙ እነግራለሁ» አለ። በፍቃዱ ከአንደኛው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠና መጋረጃውን ሳበ። እኔ ቡና የጫነ አይሱዙ ለምኜ መቱ ገባሁ።

በማግስቱ ዘገባውን አዘጋጅቼ ለጋሽ መርጊያ አሰማኋቸው። ኃይሉ ስለ አንበሳው የተናገረው፣ የእኔ ጥያቄ፣ ከዚያ «ቀጣይ» የሚለው ድምፁ፤ ሁሉም ነበረበት። እስከ መጨረሻው ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥያቄሽ ይቆረጥ።»

«ለምን ጋሼ?»

«መልስ የለውማ! መልስ የሌለው ጥያቄ ለአድማጭ ምን ይረባዋል? ደግሞስ ነገ ያ ሰው በሩን ቢዘጋብን የስፖርት ሰዓታችንን በምን እንሞላዋለን? በዘፈን?»

ተከራከርኩ። «ልጁ ሲያስመልስ አይቻለሁ» አልኳቸው። «እሱን ለኮሌጁ ስልክ ደውዬ እነግራለሁ፤ በአየር ላይ ግን አይሆንም» አሉኝ። ደውለዋል፤ ስልኩን ያነሣው ማን እንደሆነ፣ ነገሩን ለማን እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጥያቄዬን ራሳቸው ቆረጡት። በአየር ላይ የዋለው የአንበሳው ነገር ብቻ ነው።

እሑድ ቶሌራ ከቋሚዎቹ መሐል ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ አንድ ቀላል ኳስ በግንባሩ ነካ፤ ጥቂት ተራመደና ማንም ሳይነካው ወደቀ። መጀመሪያ መቱ፣ ከዚያ ጅማ ተወሰደ። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ እጁና አንደበቱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆኑም። ኮሌጁንም በዚያው አቋረጠ።

በሚቀጥለው መግለጫ ኃይሉ «አደጋ ነው፤ የፈጣሪ ሥራ ነው» አለ። ያንኑ ጥያቄ መልሼ ጠየቅሁት። «ቀጣይ» አለ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አውቶቡሱ ላይ አልወጣሁም። እሱ ቆይቶ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። አሁንም በየጊዜው በቴሌቪዥን ይቀርባል፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ሆኗል። ጠያቂዎቹ ይወዱታል።

ሁሩሙ የሄድኩት ልጁ ከጅማ ከተመለሰ በኋላ ነው። ቶሌራ ከቤቱ ደጃፍ፣ ከንብ ቀፎዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ስሜን ለመጥራት ሞከረ፤ ግማሹ ላይ ቀረበትና አንገቱን ደፋ። እትዬ ጫልቱ እጄን ይዘው አስገቡኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ሬዲዮናችሁ አያመልጠኝም። ከቡሬ በመጣ ሰሞን ቤት ገብቶ ተኛ። እማዬ ራሴን አመመኝ፣ ብርሃን ጠላሁ፣ እሑድ አልጫወትም አለ። እኔ ደግሞ የአሠልጣኙን ድምፅ በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። አንተ አንበሳ ነህ፣ አባትህ በአገር ፊት መስክሮልሃል፣ ስንፍና ነው፣ ተነሥ አልኩት። የላክሁት እኔ ነኝ።»

እጄን ሳይለቁ ጠየቁኝ።

«ያን ቀን እናንተ እዚያ ነበራችሁ አይደል? ልጁ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው ከመካከላችሁ አልነበረም?»

«ጠይቄ ነበር፣ እትዬ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«አልሰማሁም» አሉኝ።

ጋሽ መርጊያ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አሁን በእሳቸው ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ጀማሪ ሪፖርተሮች ከመግለጫ ተመልሰው «አልመለሰልኝም፤ ልቁረጠው?» ይሉኛል። አይቆረጥም። ጥያቄው ይተላለፋል፣ የተባለውም ከነዝምታው ይከተላል። ጥያቄ የሚጠየቀው ቤቷ ሆና ለምትሰማ እናት ነው።