ባለሱቁ ካልተቀመጠ አልገባም

ሥራ የጀመርኩበት ዕለት ቁርስ ሳልቀምስ ነው ከቤት የወጣሁት። ፈሪ ነኝ። ይህን ከወዲሁ መናገሬ በኋላ የማወራውን ስታነቡ ሰውዬው አጋነነ እንዳትሉኝ ነው። ጨለማ እፈራለሁ፣ ጠባብ ቦታ እፈራለሁ፣ አይጥ እፈራለሁ። ይህን ሁሉ ይዤ በመንገድና በጎርፍ ቦይ ጥገና ክፍል ተቀጠርኩ። ሌላ ሥራ ጠፍቶ እንጂ ወድጄ አይደለም።

አለቃዬ ጋሽ ዳንጊሶ ይባሉ ነበር። በእኛ ሥራ የቡድን አለቃ ካቦ ነው የሚባለው። እጀታው በመጋዝ የተቆረጠ አጭር አካፋ ሰጡኝና «ረጅሙ እዚያ ውስጥ አይዞርም» አሉኝ። «እዚያ» የሚሉት የት እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። ወደ ፒያሳ ወሰዱኝ።

በፒያሳ ሱቆች ደጅ፣ በረንዳውና አስፋልቱ በሚገናኙበት በኩል የጎርፍ ቦይ አለ። ሰው በላዩ ሲመላለስ ይውላል እንጂ መኖሩን አያውቅም፤ ከላይ በኮንክሪት ተሸፍኗል። ሽፋኑን ሶሌታ እንለዋለን። እያንዳንዱ ባለሱቅ በራሱ ጊዜና በራሱ ግንበኛ ስላስገነባው አንዱ ከፍ ይላል፣ አንዱ ዝቅ ይላል፣ የአንዱ ብረት ወጥቶ ጀርባ ይቧጭራል። በየጥቂት ሱቁ በከባድ ክዳን የተዘጋ መግቢያ አለ። ሠራተኛው በአንዱ ይወርድና ተንበርክኮ ደለሉን፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱንና የጫት ገረባውን እየዛቀ በሚቀጥለው ይወጣል።

ክዳኑ ተገፍቶ ሲከፈት ዓይኔን ጨፍኜ እግሬን ሰደድኩ። ቶሎ ገብቼ ቶሎ ልገላገል ብዬ ነው። ጋሽ ዳንጊሶ ኮሌታዬን ይዘው መለሱኝ።

«ወዴት ነው? ባለሱቁ መቼ ተቀመጠ?»

ባለሱቁ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ከድር ነበሩ። መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው መጡ፣ መግቢያው አፍ ላይ አስቀመጡት፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡበት። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ዳንጊሶ «በል ግባ» ያሉኝ።

ከሥር ሆኜ የሰማሁት የመጀመሪያ ነገር የሐጂን ድምፅ ነው። «ስምህ ማነው?» አሉ። ማቴዎስ አልኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ አገሬ የት እንደሆነ፣ ሚስት እንዳለኝ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ፤ ከዚያ ዝም አልኩ።

«ዝም ስትል አልወድም» አሉ። «ተናገር።»

«ምን ልናገር ሐጂ?»

«ያሻህን። ትናንት ምን በላህ?»

ሽሮ በልቼ ነበር። ስለ ሽሮ እየተናገርኩ፣ የእሳቸውን ደጅ ጠርጌ ጨረስኩ። ቀጣዩ ባለሱቅ ወንበሩን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።

ስወጣ ጋሽ ዳንጊሶን ምክንያቱን ጠየቅኳቸው። እጃቸውን እየታጠቡ «አንድ ጊዜ ዝም ያለ ሰው አውጥተናል» አሉኝ። እዚያ ውስጥ አየሩ እንደሚበላሽ፣ ሰው ራሱን ሲስት ድምፅ እንደማያሰማ ቀስ በቀስ ከሌሎቹ ሰማሁ።

የዚያን ጊዜው የመንገድ ደንብ ባለይዞታ ሁሉ በደጁ ያለውን ቦይና እስከ መንገዱ አጋማሽ ያለውን ስፍራ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ከሶሌታው ሥር ሠራተኛ ሲገባ ባለይዞታው በአካል መገኘት አለበት። ይህ የተጻፈው ኋላ ላይ ሶሌታዬን ሰበሩብኝ፣ አልሰበርንም የሚል ክርክር እንዳይነሳ ነው። ስለ እኛ ነፍስ አንድም ቃል የለበትም። መገኘቱን ወደ መቀመጥ፣ መቀመጡን ወደ ማውራት የለወጡት ነጋዴዎቹና የድሮ ሠራተኞች ናቸው። በዚህም ምክንያት የፒያሳ ነጋዴ የሁላችንን የቤት ጉዳይ ያውቅ ነበር። ሚስቴ ያረገዘች ጊዜ ከዘመዶቼ ቀድመው የሰሙት ሐጂ ከድር ናቸው።

ጋሽ ዳንጊሶ ጡረታ ሲወጡ ካቦነቱ ለእኔ ደረሰኝ። ሐጂም ሱቁን ለልጃቸው ትተው እቤት መዋል ጀመሩ። ደንቡ የተለወጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

በአዲሱ ደንብ ባለሱቅ በዓመት የመንገድና የቦይ ክፍያ ይከፍላል፣ ከደጁ ግዴታ ነፃ ይሆናል። ሶሌታውም የከተማው ንብረት ይሆናል። ጭነት መኪናም በከተማው መግቢያ ኬላ ላይ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ፣ ገመድ ተነሥቶለት ይገባል። ጥገናው በዚህ ገቢ በእኛ ብቻ ይሠራል። ነጋዴው ደስ አለው፤ አይፈረድበትም። ገበያ በሚደምቅበት ሰዓት ወንበር ይዞ ጉድጓድ አፍ ላይ መዋል ቀላል አይደለም።

ረቂቁን ሊያስረዳን የመጣው ወጣት የሕግ ባለሙያ ትሑት ልጅ ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ጠጋ ብዬ «የባለሱቁ መቀመጥ ነገርስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ነጋዴውን እያስከፈልን ደግሞ ሥራ ልናስፈታው አንችልም» አለኝ። «ከተማው ከራሱ ሠራተኛ አንድ ጠባቂ ይመድባል።»

«ጠባቂ ብቻ አይደለም እኮ። ያወራን ነበር።»

ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። «ማውራትን እንዴት አድርገን በደንብ እንጻፍ?» አለኝ። እኔም እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር። ስለ ቦት ጫማና ስለ ሄልሜት ግን በጥሩ ሁኔታ ጽፎልናል፤ ምስጋናዬን ልነፍገው አልችልም።

ለውጡ ቶሎ አልታየንም። ባለሱቆቹ ደጃቸው ላይ መቀመጥ ሲተዉ መግቢያው የት እንደሆነም ረሱት። አንዱ ክዳኑ ላይ የዕቃ መደርደሪያ አቆመበት፣ ሌላው ሞተር ሳይክል። ሹፌሩ ደግሞ ኬላ ላይ ስለከፈለ የትም ቢያቆም መብቱ መሰለው። እኔ በየመግቢያው ስደርስ ፍርሃቴ እየጨመረ ሄደ። ለመሥሪያ ቤቱ ነገርኩ፣ እናያለን አሉኝ።

በአንዱ ክረምት አስቴር የምትባል ሴት ወደ ቡድናችን ተዛወረች። ከዚያ በፊት መንገድ ጠራጊ ነበረች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ስትዘምር ያለ ማይክ የምትሰማ ናት። ጠባቂ አደረግኳት። «ሥራሽ ማውራት ነው» ስላት «ለዚህም ደሞዝ አለው?» ብላ አሳቀችኝ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። በፒያሳ ላይ ፀሐይ ወጥቷል፤ በምሥራቅ በኩል ከፍታው ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። የሚወርደው ልጅ ታሞ ስለቀረ ተራው የእኔ ሆነ። ደመናውን አየሁት፣ አልወደድኩትም። ቦዩ ከተደፈነ ግን ማታ ጎርፉ ሱቆቹ ውስጥ ይገባል። ክዳኑን ግማሽ ድረስ ገፍተን ወረድኩ። አስቴር ከላይ ስለ ዕለቱ ሙቀት ታወራለች። ሁለት ሱቅ ያህል እንደገፋሁ ከጀርባዬ የሞተር ድምፅ መጣ፣ ከሶሌታው አቧራ ረገፈብኝ፣ ብርሃኑም ጠፋ።

የአስቴርም ድምፅ ጠፋ።

ከላይ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። አንድ አይሱዙ ዕቃ ሊያራግፍ ወደ ኋላ እየተጠጋ ነበር። አስቴር እየጮኸች ጎኑን ደበደበችው። የኋላ ጎማው ክዳኑ ላይ ወጣ፣ ክዳኑ ተንሸራቶ መግቢያውን ዘጋው፣ እጅ የማያስገባ ክፍተት ብቻ ቀረ። ሹፌሩ ወርዶ ደረሰኙን አሳያት።

«ኬላ ላይ ከፍዬ ነው የገባሁት፤ ላንቺ ደግሞ ምን ልክፈል?» አላት። የመኪና ማቆሚያ የምታስከፍል መስላዋለች።

«ከሥር ሰው አለ!»

«ከአስፋልት ሥር ምን ሰው ይኖራል?» ብሎ በሩን ቆለፈና ተሸካሚዎች ሊጠራ ሄደ። በጊዜው ሐጂ ከድር ዱካ ላይ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ እንኳን መኪና ጋሪም አይጠጋም ነበር።

እኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ጨለማውን ብቻ ነው። ባትሪዬን ለማብራት ስሞክር ከእጄ አምልጦ ደለሉ ውስጥ ገባ። ጮህኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ልዞር ስል ትከሻዬ ግድግዳው ላይ ተሰነቀረ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጋሽ ዳንጊሶ ያወጡት ዝም ያለ ሰው ትዝ አለኝ። እንዳልመስለው ብዬ ብቻ ስሜን ደጋግሜ እጠራ ጀመር።

«ጋሽ ማቴ፣ ይሰሙኛል?»

አስቴር ናት። መኪናው ሥር በደረቷ ገብታ አፏን ክፍተቱ ላይ አድርጋለች።

«እሰማሻለሁ! ምንድን ነው የሆነው?»

«መኪና ነው፤ ሹፌሩን ሰው እየፈለገው ነው። እኛ እስከዚያ በታችኛው መግቢያ እንውጣ። ወደፊት ይሂዱ፣ እኔ ከላይ አብሬዎት እሄዳለሁ። እግሬን ይስሙ።»

ከዚያ ሶሌታውን በተረከዝዋ እየመታች መሄድ ጀመረች። ዱም፣ ዱም ይላል። እኔም በጉልበቴ ተከተልኩ። አፏ ግን አላረፈም። ስለ ቤት አከራይዋ ጀመረች። አስቴር የኳየር ልምምድ አምሽታ ስትመጣ ሴትየዋ በር ትቆልፍባታለች፣ ጎረቤት ትጠራና ትከሳታለች፣ ውኃ ፈጀሽ ብላ ባልዲዋን ትደብቅባታለች። አሁን ይህ ምን ይባላል ብዬ ተናደድኩ። እኔ ልሞት ነው፣ እሷ ስለ ባልዲ ታወራለች። ቢሆንም «ከዚያስ?» እላት ነበር።

መጀመሪያ መዳፌ በረደው። ከዚያ ጉልበቴ። ከዚያ የፕላስቲክ ጠርሙሶቹ ከኋላዬ መጥተው እያለፉኝ መሄድ ጀመሩ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ታችኛው መግቢያ ደረስኩ። መግቢያው የሚታወቀው ጣሪያው ከፍ በማለቱ ነው። እጄን ሰደድኩ፤ ድፍን ነው። በክዳኑ ዙሪያ ሊኖር የሚገባው የብርሃን መስመር የለም። በአካፋዬ መታሁት፤ ከላይ ያለው ድምፅ የክዳን ድምፅ አይደለም። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያች ደቂቃ የፈራሁበት ጊዜ የለም። አለቀስኩ፤ ይህንንም አልደብቅም።

ከላይ ያለው ሞባይል ነጋዴ በረንዳውን ሲያድስ ክዳኑን ጨምሮ በሴራሚክ አልብሶታል። መግቢያ እንደነበረ ማንም አልነገረውም። አስቴር ከሥራ መኪናችን ድጅኖውን አንሥታ ስትመጣ በሁለት እጁ አገዳት።

«እህቴ፣ አዲስ ሴራሚክ ነው! ባለቤቱ እኔ ነኝ!»

«የዓመቱን ክፍያ ከፍለሃል?»

«እንዴታ። ደረሰኙ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።»

«እንግዲያው ሶሌታው የከተማው ነው። ዞር በል» አለችና ድጅኖውን አነሣች።

እዚህ ላይ ለአዲሱ ደንብ ፍርድ ልስጥ። በድሮው ቢሆን ሶሌታው የእሱ ነው፤ ያለ ፈቃዱ መስበር አንችልም ነበር። እሱ ሲያመነታ ውኃው አያመነታም።

ውኃው ደረቴ ደርሷል። አገጬን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጌ ይዤ ነበር። ድጅኖው ይመታል፣ በምቱና በምቱ መካከል አስቴር ስለ አከራይዋ ትቀጥላለች። ትንፋሿ ተቆራርጧል፣ ወሬው ግን አልተቆረጠም። በመጨረሻ የብረቱ ጫፍ ከጆሮዬ አጠገብ በስቶ ወጣ፣ ብርሃን ገባ። ከዚያ የብዙ ሰው ድምፅ ሰማሁ። የባጃጅ ሹፌሮች ደርሰዋል፤ ሞባይል ነጋዴውም ራሱ ሴራሚኩን በእጁ እየፈነቀለ ነበር። በብብቴ ይዘው ጎተቱኝ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ውኃው በዚያው ቀዳዳ ገንፍሎ መንገዱን ሞላው።

የአይሱዙው ሹፌር ከተሸካሚዎቹ ጋር ሲመጣ ጭቃ ለብሼ አየኝ። መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ።

ትንሽ ስረጋጋ አስቴርን ጠየቅኳት። «ውኃው መምጣቱን መቼ ነው ያየሽው?»

«ስለ አከራዬ ማውራት ስጀምር። ላይኛው መንገድ ላይ ሲወርድ ይታየኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ይሮጡ ነበር። እዚያ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ራሱን ይፈነክታል።»

ለማመስገን አፌ እሺ አላለኝም። «ያቺን ሴትዮ ግን ቤት ቀይሪና ተገላገያት» አልኳት።

«የቷን?»

«አከራይሽን።»

«አከራይ የለኝም ጋሽ ማቴ» አለች፣ እጇን ድጅኖው ልጦት እየደማ። «የምኖረው እናቴ ቤት ነው። ሌላ ወሬ ስላልመጣልኝ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ አልወረድኩም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መግቢያው አፍ ላይ ተቀምጬ ከሥር ላለው ሳወራ ኖርኩ።

ከእኔ በኋላ ለምትሠሩት የምነግራችሁ ይህን ነው። ከላይ የሚያወራችሁ ሰው ከሌለ አትውረዱ። ታችኛው መግቢያ መከፈቱን በዓይናችሁ ሳታዩ በላይኛው አትግቡ። ከላይ ያለው ሰው ዝም ካለ ሥራውን ትታችሁ ውጡ። ከላይ የምትሆኑትም፣ ወሬ ቢያልቅባችሁ ፍጠሩ።